ጭጎጎት

አባቴ ሸዋንግዛው፣ የመሐል ሜዳው ሸላች፣
መቀሱ በበግ ጎን፣ ጅረት የመሰለች፤
ከአንገት እስከ ጭራ ጠጉሩን ገፍፋ፣
እንደ ዳመና ቁራጭ መሬት ላይ አንጥፋ።
የሚያቆማት አንድ ነው። አጥንት አይደል፣ ድንጋይም አይደለ፣
ከጠጉር ተሸምኖ፣ ጠጉር መስሎ የዋለ፤
ጭጎጎት ነው፣ የሜዳ ፍሬ። ስለቷ ትነክሰዋለች፣
አትቆርጠውም፣ አትተፋውም፤ አፏን ገጥማ ትቀራለች።
አባቴም ይቀመጣል፣ በጥፍሩ እየፈለፈለ፣
«ይህች ደቃቃ ብረት አሰረች!» እያለ።

እኔ ደብረ ብርሃን፣ ከዩኒቨርሲቲው ጓዳ፣
ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጓንት አጥልቄ ማለዳ፣
ስኳር እሠራለሁ፤ ለሻይ የማይሆን ስኳር፣
ሸንኮራ ያልወለደው፣ ንብ የማታውቀው ማር።

የሳንባችን ግድግዳ ባዶ ገላ አይደለም፣
የስኳር ጠጉር ያልለበሰ አንድም ሕዋስ የለም፤
ባክቴሪያዋ ትደርሳለች፣ የሳል ነፋስ ጋልባ፣
መቀሷን ሸጉጣ፣ ልትገፍፍ ያንን ካባ።
ኢንዛይም ነው መቀሱ፤ በመጽሐፍ ስሙ ረጅም፣
እኔ የማውቀው በአመሉ ነው፤ ይሸልታል፣ አይደክምም።
የሸለተውን ትበላለች፤ በተራቆተው በኩል ትገባለች።

ጠባሴ የተከራየሁት ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤
የአጸደን ልጅ ሳል ሌሊት እኔ ነኝ የምቆጥረው።

ስለዚህ ጭጎጎት እሠራለሁ።
ስድስት ማዕዘን ቀለበት፤ አምስቱ ካርቦን፣ አንዱ ኦክስጅን፣
እንደ ማንም ስኳር። ያችን አንዲት ጥግ ብቻ ፈልቅቄ
ናይትሮጅን እተክላለሁ፤ ሌላውን አልነካም።
መቀሱ ሲዳስሰው ስኳር ነው ብሎ እንዲነክሰው፣
ነክሶም እንዳይቆርጠው።
ቅኔ ቤት ያደገው ወንድሜ «ኅብር ነዋ!» አለኝ፤
«አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ።»
አይደለም አልኩት። ኅብር የገባው ሰው ይስቃል፤
ይኼ ግን ሳይገባው ነው የሚያልቅ።

አሥራ አንድ ደረጃ ነው መንገዱ። ስምንተኛው ላይ መብራት ሄደ፣
የሁለት ወር ድካሜ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ሥር ወረደ።
መስኮቱ ላይ ትቼው፣ ተናድጄ ወጣሁ፤
የኅዳር ውርጭ ነበር። ጠዋት ስመጣ፣ ደርቄ ቀረሁ፦
ከመስታወቱ ሥር፣ መርፌ መርፌ የሚያክል ነጭ ክሪስታል።
የዚህን ከተማ ብርድ ያን ዕለት ብቻ አመሰገንኩ።

መንበረ ሳህኑን ለካች። መቀሱ ከሠራ ውኃው ቢጫ ይሆናል፣
ከታሰረ ግን ውኃ እንደሆነ ይቆያል።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። ቢጫው አልመጣም።
«ነክሷል!» ጮኸች። ጓንታችንን እንኳ አላወለቅንም፣
ተቃቀፍን። ቁጥር አሥራ ሰባት።

ቀጥሎ የሰው ኢንዛይም ነበር፤ እኛም መቀስ አለንና፣
ያረጀውን የሚሸልት፣ አዲስ እንዲለበስ በጤና።
አምስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ።
ቢጫው አልመጣም።
መንበረ ሳህኑን አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣
የተኛ ልጅ እንዳይነቃ እንደሚደረገው።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ።
«ጭጎጎቱ ያዘ» አልኩት፤ «የሌባውንም፣ የባለቤቱንም።»
ዝም አለ። በጎቹ ከስልኩ ውስጥ ይሰሙኛል።
«አረም የማንን መቀስ ያውቃል? ዓይን የለውም።»
ቆየና ደግሞ፣ «የኔዋን በጨለማ አውቃታለሁ፤
ግራ ስለቷ ሥር ጎድጎድ ብላለች፣ በአውራ ጣቴ እዳስሳታለሁ።
የሌባውስ የት ላይ ነው የጎደጎደው? አይተሻል?»

አላየሁም።

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ያን መቀስ በጀርባው ገለበጥኩት፣
በጎኑ አዞርኩት፣ ስለቱን አልፌ ሥሩን አየሁት፤
በኛው የሌለች፣ አንዲት የውኃ ሞለኪውል
ተኮራምታ የምታድርባት ጎድጓዳ።
ምናልባት። እዚያ የምትገባ አንዲት እሾህ ብጨምር፣ ምናልባት።

ደብተሬ ላይ አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሥሩ ባዶ ነው።
ከግድግዳው ማዶ፣ ሃያ ሁለት።
ሃያ ሦስት።